የጀልባ ወለል ለማንሳት የትኛው ማሽን ይገዛ? (ከታሪክ መምህር የተሰጠ ረጅም መልስ)

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን ደወለልኝ። ከቴክኒክና ሙያ በእንጨት ሥራ ጨርሶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቷል። ባሕር ዳር ላይ ጎብኚ የምታመላልስ አንዲት ጀልባ ወለሏ በስብሶ፣ ያንን አንሥተው አዲስ ሊሠሩላት ተስማምተዋል። «ቲቸር፣ ያጠራቀምነው ብር ሦስት ማሽን ቢገዛ ነው። የትኛውን እንግዛ?» ይለኛል።

ቀላል ጥያቄ አይደለም። የማይሆን ማሽን ከገዙ ብሩ ሄደ። መነካት የሌለበትን ከቆረጡ ደግሞ የጀልባዋን ጉዳት ከኪሳቸው ከፍለው ነው የሚወጡት። የመጀመሪያ ሥራቸው ነው፤ በእኛ ገበያ የመጀመሪያ ሥራው የተበላሸበት ልጅ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቁታላችሁ።

«የታሪክ መምህርን ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። ማሽን የለመድኩት ክረምት ክረምት በዘመዴ እንጨት ቤት ስሠራ ነው፤ አሥሩንም ጣቶቼን ይዤ ወጥቻለሁ፣ ተመስገን። ግን ጥያቄው ሲመጣልኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ጣና ነው። ጣና ላይ ጀልባ ያመጣ ብዙ ነው። ጀልባዋን ፈትቶ መልሶ የሚገጥም መሣሪያ ከነባለሙያው ዳር ላይ ያስቀመጠ ግን ጥቂት ነው፤ ጀልባዎቹም የቆዩት በዚያው ልክ ይመስለኛል። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ማሽኑ ጋ እንደርሳለን።

ከታንኳ እንነሣ። የደንገል ታንኳ መሥራትን ወይጦዎች ከማንም በላይ ያውቁበታል። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እየተነደደ በገመድ ይታሰራል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የለ፣ ብሎን የለ። ሰውና ዕቃ የሚቀመጥበት ደግሞ ሌላ የደንገል ድርብርብ ከውስጥ ይነጠፍላታል፤ ከሥር ውኃ ቢሰርግ እንኳ የተቀመጠው ሰው እንዳይርስ ነው። እንግዲህ ይሄንን የታንኳዋ ወለል በሉት። ሲረጥብ ታነሡታላችሁ፣ ታሰጡታላችሁ፣ ካላዋጣ በአዲስ ትቀይሩታላችሁ። ለዚህ ሁሉ ማጭድና ገመድ ይበቃል። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የጣናን ደሴቶች የጎበኘው በዚችው ታንኳ ነው።

ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በወራት ውስጥ ትጣላለች። ዘሯ ግን ከጣና ሳይጠፋ ስንት ነገሥታት አለፉ። ሚስጥሩ ግልጽ ነው፦ ዕቃውም፣ መሣሪያውም፣ የሚያስረው እጅም አንድ ዳር ላይ ይገኛል። ከአስመራም ከጅቡቲም የሚጠበቅ ነገር የላትም።

አሁን ወደ ሰሜኑ ዳርቻ፣ ወደ ጎርጎራ ልውሰዳችሁ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ስፔናዊ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እዚያ ነበር። (ሰቀላ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በ1618 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ ስለ ምንጩ የጻፈው ይሄው ሰውዬ ነው።) ለንጉሡ ጎርጎራ ላይ ባለ ፎቅ ቤት አሠርቷል። ቴሌስ የሚባለው ፖርቱጋላዊ ጸሐፊ ሕዝቡ «ቤት ላይ ቤት» እያለ ሊያየው ይጎርፍ እንደነበር መዝግቧል፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል እንደሰማው ነው የጻፈው፣ ሳነበው ሁልጊዜ ያስቀኛል። ፓኤዝ ጀልባ አልሠራም። የሥራውን ቅደም ተከተል ግን ልብ በሉልኝ። ከግንቡ በፊት መዶሻውን፣ መሮውን፣ ሌላውንም መሣሪያ እዚያው አሠራ፤ ቀጥሎ ሠራተኞቹን ድንጋይ ማውጣትና መጥረብ አስተማረ፤ ቤቱ መጨረሻ ላይ መጣ። የሃይማኖቱ ጣጣ ሌላ ነው፣ አገር ያፋጀ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው እንነጋገርበታለን።

ከዚያ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ዝለሉልኝ። በ1866 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስ ዘጌና ቆራጣ አካባቢ ሰፍረው ሳለ ጣና ላይ ትልቅ ጀልባ የማንሳፈፍ ሐሳብ ያዛቸው። ኋላ እስረኛቸው የሆነው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነገሩን ጽፎታል። ጀልባዋ የደንገል ናት፤ ግን ጎንና ጎኗ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ተገጥሞላታል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አይጠፋችሁም፣ በጊዜው የአውሮፓ የእንፋሎት ጀልባዎች ጎናቸው ላይ መንኮራኩር ነበራቸው። ንጉሡ የእንፋሎቱን ሞተር ቢያጡ የወታደር ክንድ አስገቡበት። እኔ ይሄን ሳስብ ልቤ ይነካል። ጋፋት ላይ እኮ ምድጃው፣ ወናፉ፣ የውጭ ባለሙያውና የእኛው አንጥረኛ አንድ ግቢ ውስጥ ስለነበሩ ሴባስቶፖል መድፍ ተወለደ። ጣና ዳር ግን እንዲህ ያለ ግቢ አልነበረም፣ የቴዎድሮስም ጀልባ ተከታይ አላገኘችም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ገባ። ባሕር ዳርና ጎርጎራ ላይ ወደብ ሠርቶ የሞተር ጀልባ አሰማራ። በአምስት ዓመቱ ተባሮ ሄደ፣ የመሣሪያው ስም ግን ቀረ። ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ አንድ ጋራዥ ወይም እንጨት ቤት ግቡና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፦ ትራፓኖ፣ ፒያላ፣ ሴጌቶ፣ ሞርሳ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ። ጣሊያንኛ የማያውቅ ልጅ ጣሊያንኛ እያወራ ነው የሚውለው። እርግጥ ሁሉም በአምስቱ ዓመት የገባ አይደለም፤ ከኤርትራ በኩልም፣ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ከቀሩ መካኒኮችም ነው። መጥረቢያ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ወናፍ ደግሞ በራሳችን ስም እንደተጠሩ አሉ። እኔ ለተማሪዎቼ ይሄንን ነው የምነግራቸው፣ አንድ አገር ምን መሣሪያ መቼ እንደያዘ ማወቅ ስትፈልጉ የጋራዡን አማርኛ አዳምጡ። ይህን ስል ወራሪን ላመሰግን እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ የአርበኛ አገር ልጅ ነኝ።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት ቆይቶ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ብረታ ብረት፣ ኤሌክትሪክ፣ የእንጨት ቴክኖሎጂ ይማሩበት ነበር። በዓመቱ፣ በ1964፣ የጢስ ዓባይ ማመንጫ መብራት መስጠት ጀመረ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። አንዱ ማሽኑን የሚይዝ እጅ፣ ሌላው ማሽኑን የሚያዞር ኃይል። የጣና ጀልባ በማሽን ሊጠገን የሚችልበት ዘመን እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። ብዙ ሰው የባሕር ዳርን ታሪክ ሲያወራ ዘንባባውን ነው የሚያነሳው። እኔ ብሆን እነዚህን ሁለት ዓመቶች አደባባይ ላይ አጽፋቸው ነበር።

እሺ፣ ማሽኑ ጋ ደረስን።

በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ ማለትም ትራፓኖ፣ መጀመሪያ የወጣው ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ከሚገኘው ከፋይን ፋብሪካ ነው፣ በ1895 እ.ኤ.አ.። ሁለት እጅ የሚፈልግ ከባድ ነገር ነበር። እንደ ሽጉጥ የሚጨበጠውንና በጣት የሚሳበውን የአሁኑን ቅርጽ ብላክ ኤንድ ዴከር በ1917 አስመዘገበው። በ1951 ሚልዋኪ ምላጩን ወደፊትና ወደኋላ እየመታ የሚቆርጠውን የእጅ መጋዝ አመጣ። በ1954 ደግሞ ሌላ የጀርመን ፋብሪካ ዛሬ ግራይንደር የምንለውን ሠራ፤ ፍሌክስ የሚለው ስሙ ከዚያ ነው።

በ1967 የወጣውን ግን ቆም ብዬ ልንገራችሁ። ያው ፋይን ለሐኪም ቤት አንድ መቁረጫ ሠራ። የተሰበረ እግር በጀሶ ታስሮ ሲድን ጀሶው መቆረጥ አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ የሰው ቆዳ አለ። ምን አደረጉ? ምላጩ እንዲዞር ሳይሆን በጣም በትንሹ ግራና ቀኝ እንዲንቀጠቀጥ አደረጉት። ደረቁ ጀሶ ይቆረጣል፣ ለስላሳው ቆዳ ግን አብሮት ስለሚንቀጠቀጥ በቀላሉ አይቆረጥም። ያ መሣሪያ ከሐኪም ቤት ወጥቶ አናጢ ቤት ገባ፣ ዛሬ ምላጩ እየተቀያየረ እንጨት፣ ሚስማር፣ ፕላስቲክ ይቆርጣል። (እጃችሁ ላይ ግን አትሞክሩት! የእንጨቱ ምላጭ የጀሶው አይደለም።)

የጀልባ ወለል ማንሳትም እንደ ጀሶው ነው። የሚጣለው ላይ ያለው ነው፤ ሥራው ግን ሥር ያለውን ማትረፍ ነው። ወለሉን የተሸከሙት ወጋግራዎች ከሥር አሉ። የነዳጅ ቱቦና የመብራት ሽቦም ከሥር አለ። ስለዚህ ለልጁ ያልኩት፣ ማሽን ስትመርጡ «ምን ያህል ይቆርጣል?» ብላችሁ ሳይሆን «የት ላይ ይቆምልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ ነው።

በዚህ ሚዛን ካየነው ግራይንደር፣ ሁሉም ቀድሞ የሚገዛው፣ ለመቁረጥ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ኃይለኛ ነው፤ ጥልቀቱን የሚይዘው ግን የያዘው ሰው ክንድ ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት የሠራ ክንድ ደግሞ ይዝላል። ለማለስለስና የዛገ ለመፋቅ ይኑራችሁ እንጂ ወለል አትክፈቱበት። ክብ መጋዝ ግን ጥልቀቱን የሚወስን ማስተካከያ አለው። ወለሉ ሁለት ሳንቲም ውፍረት ካለው ሁለት ሳንቲም ላይ ታስሩታላችሁ፣ ወጋግራውን ሳይነካ ረጅሙን መስመር ይቀደዋል። ጥጉንና ጠርዙን፣ ክብ መጋዝ የማይገባበትን፣ ያ የሚንቀጠቀጠው ይጨርሰዋል። ወደፊትና ወደኋላ የሚመታው መጋዝ ለቤት ማፍረስ ግሩም ነው፤ ጀልባ ላይ ግን ምላጩ ከሥር ምን እንደሚያገኝ አይታይም። እኔ አልገዛውም።

ከሁሉ በፊት ግን ትራፓኖ። ለምን? መክፈት ያለባችሁ ምን ያህሉን እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ስለሆነ። መጀመሪያ በመዶሻ እጀታ ወለሉን እያንኳኳችሁ ሂዱ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ። የተጠራጠራችሁበት ላይ በቀጭን መብሻ ትንሽ ቀዳዳ፣ ከዚያ መብሻው ይዞት የሚወጣውን ፍቅፋቂ እዩ። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ እንጨቱ ደህና ነው፤ ጠቁሮ ርጥብ ከሆነ በስብሷል። ፋይበር ግላስ ከሆነችማ ይሄ የግድ ነው፤ ላይና ታች ቆዳዋ ደህና መስሎ መሐሏ ያለው እንጨት አልቆ ይሆናል። ድንበሩን በጠመኔ አስምሩ። ብዙ ጊዜ ወለሉ ሁሉ አልቋል የተባለለት ሲፈተሽ ክፉው አንድ ጎን ብቻ ሆኖ ይገኛል። እንዲያውም ከላይ ያለው የፋይበር ቆዳ በደንብ ከተነሣ ተጠብቆ መልሶ ይለጠፋል፤ እሱን ሰባብሮ መጣል ገንዘብ መጣል ነው።

እንግዲህ ሦስቱ፦ ትራፓኖ፣ ጥልቀቱ የሚታሰር ክብ መጋዝ፣ የሚንቀጠቀጠው መቁረጫ። ግራይንደሩን ከሰው ተዋሱ። ፒያላና የብርጭቆ ወረቀት ማሽን አዲሱ ወለል ሲገጠም የሚመጣ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ ይገዛል።

አንድ ነገር ግን ከማሽን ሁሉ ይበልጣል፣ እሱንም ታሪክ ነው ያስተማረኝ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ተነሣ። ግብፅ ውስጥ ደንገል ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ደንገሉን ከየት አመጣው? ከእኛው ጣና! ጊዛ ፒራሚዶቹ አጠገብ የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች አሰሩለት፣ «ራ» ተባለች። በግንቦት 1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥታ አትላንቲክን ገባች። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ከጀልባዋ ቅልብስ ጅራት ወደ ወለሏ የሚወርድ አንድ ገመድ አለ። ሠሪዎቹ ጅራቱን ቀልብሶ ለመያዝ ብቻ መስሏቸው አላስፈላጊ ብለው ተዉት። ገመዱ ግን የጀልባዋን ጀርባ እንደ ቀስት ወጥሮ የሚይዝ ነበር። ያለ እሱ ኋላዋ እየጎበጠ ሰመጠ፣ ማዕበሉ ወለሏ ላይ ወጣ። መንገደኞቹ ለክፉ ቀን የያዙትን ሕይወት አድን ታንኳ ሳይቀር በመጋዝ ቆርጠው ከኋላ ሥር አስገቡት። አልሆነም፤ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ትተዋት ወጡ። በዓመቱ «ራ ሁለት» በዚያው በጣና ደንገል በቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች እጅ ታሰረች፣ ገመዱም ተመለሰ፣ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ ኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። የጣና ደንገል ናት፣ ልጆቻችሁን ንገሯቸው።

ይሄንን ለምን አመጣሁት? የጀልባ ወለል መቆሚያ ብቻ ስላልሆነ ነው። ወለሉ እንደዚያ ገመድ የግራና የቀኝ ጎኗን ወጥሮ ይይዛል። ሙሉውን በአንድ ቀን ካነሣችሁት ቀፎዋ ሊከፈት ወይም ሊጣመም ይችላል፤ አዲሱ ወለል ደግሞ በተጣመመው ልክ ይታሰርና ጠማማነቱ ለዘለዓለም ይቀራል። ስለዚህ ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ በደንብ ትደገፍ፣ ከጎን ወደ ጎን እንጨት ይወጠርላት፣ ወለሉ በክፍል በክፍል ይነሣ። አንዱ ክፍል ሳይገጠም ሌላው አይከፈት። ሥራው ያዘግማል። ባለቤቱ «ምነው ቆያችሁ» ይላል፣ ይበል።

የቀረውን ቶሎ ልለፍ። የፋይበር ግላስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ነጠላ ማስነጠቅ አይበቃም፣ ደህና ጭምብልና መነጽር ይገዛ። ብረት ወለል ከሆነ ከሥር የነዳጅ ታንከር መኖሩን ሳታጣሩ አንድም ፍንጣሪ እንዳይነሣ። መብራቱ እንደምታውቁት ነው፣ ጀኔሬተር ትከራያላችሁ፤ ውኃ ዳር በኤሌክትሪክ ስትሠሩ ግን ፍሳሽ ሲኖር ራሱ የሚያጠፋ ማቋረጫ ከሌለ አትጀምሩ። አቅም ያለው ባትሪ የሚሞላውን ቢገዛ ይሻለዋል። ባሕር ዛፍ ለወለል የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ሚስማሩን ከመምታት በፊት ብሱት፣ ይሰነጠቃል።

በ2017 ዓ.ም «ጣና ነሽ ሁለት» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ አገር ሁሉ ቪዲዮዋን ሲቀባበል ነበር። እኔም ተቀባብያለሁ። ያን ሁሉ ተራራ ብረት ተሸክሞ መውጣት ያስደንቃል። ከባሕር ዳር በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላ አድርጎ ጎርጎራ የሚደርሰው የጀልባ መስመር ደግሞ ለቱሪስት ጌጥ አይደለም፤ ለደሴቱ ሰው ገበያውም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ዘመዱም ነው። ቪዲዮውን እያየሁ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር፦ ከአሥር ዓመት በኋላ ወለሏን የሚያነሣው ማን ነው? ከቴክኒክና ሙያ ወጥተው ባጃጅ የሚጠብቁትን፣ ወይም የስደት መንገድ የሚያጠኑትን የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጆች በስም አውቃቸዋለሁ። አራቱ አሁን አንድ ጀልባ ሥር ገብተዋል።

ወደ እናንተ ልምጣ። የጣሊያኑን ስም ቆጥሬላችኋለሁ። ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ ያደጋችሁ፣ ወይም አባታችሁ ጀልባ ላይ የሠሩ፣ ለጀልባ ሥራ የሚውሉ የአገራችን መሣሪያዎችን፣ የደንገሉን አስተሳሰርና የየክፍሉን ስም የምታውቁ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ከአባቶች የሰማችሁትን እንደሰማችሁት ጻፉት፣ ፊደሉን እኔ አስተካክላለሁ። ፎቶ ያለው ፎቶ ይላክ።